ሸዋዬ ነኝ ያለችው ኢሕሳን

መምህርት ሸዋዬ አትቀልድም። ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወርዳ መርሳ እኛ ትምህርት ቤት ስትመደብ ወጣት ነበረች፤ አሁን ጸጉሯ ሸብቷል። በዚህ ሁሉ ዓመት ስትስቅ ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ከተሰቀለበት ወድቆ ርዕሰ መምህሩ የደነገጡ ዕለት። ያንንም ቢሆን ሳል ነው ብላ ክዳለች።

እሷ የዜግነት ትምህርት ታስተምራለች፣ እኔ ፊዚክስ። ክፍሎቻችንን የሚለያቸው ስስ ግድግዳ ስለሆነ የእሷን ትምህርት ሳልፈልግ ለዓመታት ተምሬያለሁ።

አንድ የታወቀ ዘዴ አላት። አንዱ ተማሪ ተነስቶ የዴስክ ጓደኛውን ይሆናል። «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ይጀምርና ጠዋት እንዴት እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ለምን እንደሚያረፍድ በጓደኛው ቦታ ሆኖ ይናገራል። ድምፅ መቅዳትና ማላገጥ ክልክል ነው። ባለ ስሙ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ሲያልቅ የተሳሳተውን ብቻ ያርማል።

ነገሩ የተጀመረው በአበባው ምክንያት ነው። አበባው ከደጋ መጥቶ መርሳ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው። ሰኞ ሰኞ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሚስባህ የሚባል የባለ ሱቅ ልጅ ደግሞ «ደጋ አልጋ የለም እንዴ?» እያለ ክፍሉን ያስቃል። ሸዋዬ ሚስባህን አልተቆጣችውም። አንስታ አበባው አጠገብ አስቀመጠችውና «በሚቀጥለው ሳምንት እሱን ትሆናለህ» አለችው።

በሳምንቱ ሚስባህ ተነሳ።

«እኔ አበባው ነኝ። ዓርብ ከትምህርት ስለቀቅ ወደ ቤተሰቤ እወጣለሁ። እሑድ የሳምንት ስንቄን ተሸክሜ እወርዳለሁ። ሰኞ የምተኛው ንቄያችሁ አይደለም። የሚተኛው እግሬ ነው፤ ዓይኔ ተከትሎት ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሸዋዬ ወደ አበባው ዞረች፤ «ስህተት አለው?»

«እስከ አስፋልቱ ድረስ ስንቁን የሚሸከመው አህያችን ነው» አለ አበባው። «የቀረው ልክ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሚስባህ ሰኞ ሰኞ አበባው ሲያንጎላጅ በክርኑ እየነካ ይቀሰቅሰው ጀመር። የዘዴዋ ወሬም ከመርሳ አልፎ ወልድያ ደረሰ። አቶ ተስፋዬ የሚባሉ ሥልጠና አዘጋጅ ደወሉላት። ስለ ባህል ግንዛቤ መምህራንን ሊያሠለጥኑ ነው፤ «ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ተማሪ ይዘሽ ብትመጪልን» አሏት። ሁለቱ ወገን ማለታቸው ሙስሊምና ክርስቲያን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

ሸዋዬ ለክፍሉ «አበባውና ኢሕሳን ይሄዳሉ» አለች። ኢሕሳን እንደምትመረጥ ሁሉም ያውቅ ነበር። ንግግሯ የጠራ ልጅ ናት፤ በሙስሊም በዓል ሁሉ ተነስታ ለክፍሉ የምታስረዳው እሷ ናት። የዚያን ዕለት ግን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከመሄዳችን በፊት አንድ ጊዜ ልለማመድ?»

«ማንን ትሆኛለሽ?»

«እርስዎን።»

በግድግዳው ወዲህ እኔ የኒውተንን ሕግ ማስረዳት አቆምኩ።

«ቀጥይ» አለች ሸዋዬ።

«እኔ ሸዋዬ ነኝ» አለች ኢሕሳን። ድምፅ አልቀዳችም። «ተማሪዎቼን እወዳቸዋለሁ፤ እንዳይታወቅብኝ ግን እጠነቀቃለሁ። አበባው ለምን እንደሚተኛ አውቃለሁ። ሚስባህ ሱቅ መዋል እንደማይወድ አውቃለሁ። ኢሕሳን ጎበዝ ናት። ሙስሊም ናት። ረመዳን ሲገባ አስነሳታለሁ። መውሊድ ሲደርስ አስነሳታለሁ። ለዐረፋም አስነሳታለሁ። በሌላ ቀን እጇን ስታወጣ አያታለሁ፤ በዓል ስላልሆነ ግን ሌላ ሰው እጠይቃለሁ።»

ሸዋዬ ልጅቷን ታስወጣታለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ለመውሊድ አላስነሳሁሽም» አለች። «ያን ሰሞን ታምሜ ነበር። የቀረው ልክ ነው። ቁጭ በይ።»

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብታ ሻይ ቀዳች።

«ሰምተሃል» አለችኝ።

«ግድግዳው ስስ ነው።»

«እኔኮ አከበርኳት ብዬ ነበር።»

ሻይዋን እንደቀዳችው ትታው ወጣች።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ኢሕሳንን አስቆመቻት። ሸዋዬ የቆመችው ፖሊስ መታወቂያ ሲጠይቅ እንደሚቆመው ነው። «ምን ትወጃለሽ?» አለቻት። ኢሕሳን ደንግጣ «ከምን?» ስትል፣ «ከምንም» አለች ሸዋዬ።

ልጅቷ የምትወደው የባቡር ሐዲድ ኖሯል። ሐራ ከተማ አክስት አለቻት፤ እዚያ ስትሄድ ሐዲዱ አጠገብ ቆማ ታየዋለች። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል ተብላ ተምራለች። የሐራው ሐዲድ ደግሞ እንደ ድሮው በየመካከሉ ክፍተት የለውም፤ አንድ ወጥ ብረት ነው። «ታዲያ በዚያ ፀሐይ ለምን አይጣመምም?»

ሸዋዬ ጥያቄውን እንዳለ ይዛ ወደ እኔ መጣች። «ግሩም ጥያቄ ነው» አልኳት። እኛ የፊዚክስ መምህራን አላውቅም የምንለው እንዲህ ነው። ማታውን አነበብኩና በማግስቱ ለኢሕሳን ነገርኳት፤ ሐዲዱ ሲዘረጋ ተወጥሮ ነው የሚታሰረው፤ ሲሞቅ መርዘም ቢያምረውም ከሥሩ ያለው ሲሚንቶና ጠጠር አይለቀውም። ኢሕሳን ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ሁልጊዜ ታግሎ ነው የሚኖረው» አለች። መጽሐፉ ላይ እንዲያ የሚል ባይኖርም ስህተት አላገኘሁበትም።

ወደ ወልድያ ስንሄድ እኔም ስለ ሐዲዱ ስህተት ካለ እንዳርም ተጨመርኩ። አቶ ተስፋዬ በአዳራሹ በር ተቀበሉን።

«ከሁለቱም ወገን ይዘሻል አይደል?»

«ሁለት ተማሪ ይዣለሁ» አለች ሸዋዬ።

ሰሌዳው ላይ ረድፎች ተዘጋጅተው ነበር፤ ሃይማኖት፣ ምግብ፣ አለባበስ። ኢሕሳን ስለ ዒድ፣ አበባው ስለ ጥምቀት እንዲናገሩ ነበር የታሰበው። መጀመሪያ ኢሕሳን ተነስታ አበባውን ሆነች፤ ስለ ኪራይ ቤቱ ተናገረች፤ ሽሮ ሲያሳርር ጎረቤቶቹ ከሽታው እንደሚያውቁና እንደሚስቁ፣ የእናቱን ስልክ ሲያነሳ ግን «ዶሮ በላሁ» እንደሚል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት መምህርት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ቀጥሎ አበባው ተነሳ።

«እኔ ኢሕሳን ነኝ» አለና ሐዲዱ ለምን እንደማይጣመም ጠጠሩ ሳይቀር አስረዳ።

አቶ ተስፋዬ ማርከር ይዘው ቆመዋል። ወደ ሰሌዳው አዩ፤ ወደ ልጆቹ አዩ።

«ይቅርታ መምህርት፣ ይህ ከባህል ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ስለ ኢሕሳን እንድንነግራችሁ ነው የጠራችሁን» አለች ሸዋዬ። «ኢሕሳን ይቺ ናት።»

አቶ ተስፋዬ «ሐዲድ» ብለው ሊጽፉ ቦታ ፈለጉ። ሃይማኖት ሥር አልሆነ፤ ምግብ ሥርም፣ አለባበስ ሥርም አልሆነ። ጥቂት አስበው «ልዩ ልዩ» የሚል ረድፍ ጨመሩ። ምሳ ላይ ግን ሳህናቸውን ይዘው ኢሕሳን አጠገብ ተቀመጡና ብርድስ ሲሆን ሐዲዱ ምን እንደሚሆን ጠየቋት።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር።

ረመዳን ገባ። ሸዋዬ ኢሕሳንን አላስነሳቻትም፤ ስለ ምርጫም፣ ስለ ሕገ መንግሥትም ጠየቀቻት እንጂ ስለ ጾሙ አንድ ቃል አላነሳችባትም። በሁለተኛው ሳምንት የኢሕሳን እናት ረሂማ ትምህርት ቤት መጣች። ረሂማ መርሳ ገበያ ማንጎ ትሸጣለች፤ ሸዋዬም ደንበኛዋ ናት። የዚያን ዕለት የመጣችው ግን ፊቷን አጥቁራ ነው።

«አንቱ መምህርት፣ ልጄ ምን አጠፋች?»

«ኧረ ምንም አላጠፋችም።»

«ታዲያ ዘንድሮ ስለ ረመዳን ለምን አይጠይቋትም? ዲኗን አታውቅም ብለው ነው?»

ሸዋዬ በረጅሙ ተነፈሰች። ልጅቷን በሃይማኖቷ ብቻ ስታያት እንደኖረች፣ ያንን ለማረም እንደተወችው አስረዳች። ረሂማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ጥያቄው የእርስዎ ይሁን» አለች። «መልሱ ግን የኔ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር "እማ፣ ቲቸር ትጠይቀኛለች" ብላ አጠገቤ ትቀመጣለች። እነግራታለሁ። ሌላ ጊዜ አትቀመጥልኝም፤ አድጋለች። ዘንድሮ ይኸው ስልኳን ይዛ ስለ ብረት ታነባለች።»

«ይህን አላወቅኩም» አለች ሸዋዬ።

«ከየት ያውቁታል?»

«ረሂማ፣ መልሱ ያንቺ ከሆነ አንቺን ልጠይቅ። ሐሙስ ክፍል ነይልኝ።»

ረሂማ «ወላሂ እኔ ተማሪ ፊት አልቆምም» ብላ ሄደች። ሐሙስ ዕለት አዲስ ሻሽ አስራ መጣች።

ኢሕሳን ፊቷን በክንዷ ሸፍና ዴስኩ ላይ ተደፋች። ረሂማ ልጅነቷን ማውራት ጀመረች። ግራና የሚባል ቦታ ነው ያደገችው። የመጀመሪያ ጾሟን የያዘች ቀን ከሰዓት ላይ ጥሙ ሲጠናባት ከመስኖው ቦይ ጎንበስ ብላ ጠጣች። ማንም አላያትም። ቤት ስትገባ ግን አባቷን ማየት አቃታትና ራሷ ተናገረች።

«ተቆጡ?» አለ ሚስባህ።

«አልተቆጡም። "ውሃው ጥሩ ነበር?" አሉኝ። "አዎ አባ" አልኳቸው። "እንግዲያስ ነገ ትጀምሪያለሽ" አሉኝ።»

ኢሕሳን ቀና አለች። «እማ፣ ይሄንን ለኔ ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ቲቸርሽ የምትጠይቅሽ ስለ ጾሙ ነበር» አለች ረሂማ። «ስለኔ ማን ጠየቀኝ?»

የዚያን ማታ ከአፍጥር በኋላ እናትና ልጅ አብረው እንደተቀመጡ ረሂማ በሌላ ቀን ለሸዋዬ ማንጎ ስትመዝንላት ነግራታለች። ስለ ግራና ነው የተጫወቱት። ቀጥሎ ደግሞ ልጅቷ ስለ ሐዲዱ ነገረቻት፤ ረሂማ ግማሹ አልገባትም፤ ግን አልተነሳችም።

ሸዋዬ አሁን በዓልም ሲመጣ ትጠይቃለች፣ ሳይመጣም ትጠይቃለች። ዓመቱ ሲጀመር አዲስ ተማሪዎቿን አንድ በአንድ እያስቆመች «ምን ትወዳለህ? ምን ትወጃለሽ?» ትላለች፤ አጠያየቋ አልተሻሻለም። የዘንድሮዎቹ ከታላላቆቻቸው ስለሰሙ መልስ አዘጋጅተው ነው የመጡት። አብዛኞቹ «ዜግነት እወዳለሁ» ይሏታል።

«ውሸት ነው» ትላቸዋለች። «ነገ ተመለሱ።»