መሐሪ ንፋስ መውጫ ላይ የተናገረው

መሐሪ ንፋስ መውጫ ከተማ የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። በልጅነቱ የተማረበት ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪዎቹን ሊሸልም ስለሆነ፣ «ለልጆቹ ስለ ስኬት ይንገሩልን» ብሎ ርእሰ መምህሩ ከባሕር ዳር አስጠርቶታል። በዚያው ቀን ሊመለስ ስላሰበ መምጣቱን ለእህቱ ለአልጣሽ አልነገራትም። ወደ መንደሯ የሚወስደው መንገድ የሰኔ ጭቃ ነው፤ ደግሞ ከሄደ አትለቀውም፤ ካደረ ሥራ ይፈታል። እንዲህ እያለ ነበር ራሱን ያሳመነው። ከፋሲካ ወዲህ በስልክ እንኳ አልተገናኙም።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። መሐሪን ከፊት፣ ከወረዳው ኃላፊዎች ጎን አስቀመጡት። ርእሰ መምህሩ፣ እንግዳው ትልልቅ ሕንፃ የሚሠራ መሐንዲስ መሆኑን ተናግሮ ማይኩን ሰጠው። መሐሪም ባሕር ዳር ላይ ብዙ ጊዜ ያወራውን ታሪክ ጀመረ።

«አባቴ የሞተው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግፎ ያስተማረኝ ሰው የለም። እዚህ ከተማ ቤት ተከራይቼ፣ በሶዬንና ድርቆሼን በገዛ ጀርባዬ ከገጠር እያመላለስኩ ተማርኩ። ለእኔ ስኬት ማለት ይኸ ነው፤ የማንንም እጅ ሳያዩ ራስን መቻል።»

ድንኳኑ በጭብጨባ ተሞላ። መሐሪ ፈገግ ብሎ ሕዝቡን ሲቃኝ፣ ከወላጆቹ መካከል ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠች ሴት ከሰው ሁሉ በላይ ስታጨበጭብ አየ። አልጣሽ ነበረች።

አባታቸው በሞተበት ዓመት ከሁለቱ በትምህርት የምትበልጠው እሷ ነበረች። ሁለቱንም ከተማ አስቀምጦ ለማስተማር ግን የቤቱ አቅም አልፈቀደም። አንዱ ይቅር ሲባል አልጣሽ ማንም ሳይጠይቃት ቀረች። በየገበያው ቀን ስንቁን አዝላ የምትመጣው እሷ ነበረች። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የሌሎች ተማሪዎች ስንቅ ይቀራል፤ የመሐሪ ግን ቀርቶ አያውቅም።

ይህን መሐሪ አልረሳውም። ባሕር ዳር መጀመሪያ ታሪኩን ሲያወራ፣ እህቱን ማንሳት ወሬውን የሚያረዝምበት መስሎት ተዋት። ሰሚዎቹም ያለ እሷ ሲሰሙት ይበልጥ ተደነቁ። ከዚያ በኋላ እንደዚያው ቀረ።

መሐሪ ገና ሳይረጋጋ ርእሰ መምህሩ ተሸላሚዎችን መጥራት ጀመረ። «ከአሥራ አንደኛ ክፍል አንደኛ፣ ኢየሩሳሌም ጌታነህ።»

የአልጣሽ ልጅ ናት። መሐሪ የእህቱ ልጅ አንደኛ መውጣቷን የሰማው እንደ ማንኛውም እንግዳ በማይክ ነው። ሽልማቱን ሰጥቶ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። እሷም አቀርቅራ ተቀበለችውና ቀና ብላ ሳታየው ተመለሰች።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ወደ አልጣሽ ሄደ። ከኋላዋ ሳለ አንዲት ጎረቤቷ ስትጠይቃት ሰማ።

«ለመሆኑ ወንድምሽ እንደሚመጣ ነግሮሻል?»

«ትናንት ደውሎልኝ የለም እንዴ» አለች አልጣሽ ሳታመነታ። «ከዚህ እንደወጣ እኔ ቤት ነው የሚሄድ።»

«ስንቁንስ ራሱ ነበር የሚያመላልስ?»

«አንዳንድ ቀን ራሱም ይመጣ ነበር።»

መሐሪ ፊቱ ጋለ። እሱ ሊሸሻት ሲያስብ፣ እሷ በሰው ፊት እንዳያፍር ትዋሽለታለች። «እታለም» ብሎ ጠራት። አልጣሽ ዞር ብላ አገላብጣ ሳመችው። «ጎሽ፣ ጥሩ ተናገርክ» አለችው።

ከባሕር ዳር ያመጣውን ሾፌር እዚያው እንዲቆይ ነግሮት አብሯት ወደ መንደር ወረደ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ያስቆማታል። አንዱ ከወንድሙ ጋር የተጣላበትን የእርሻ ድንበር ዕርቅ እሷ ሳትመጣ እንደማይፈርሙበት ይነግራታል፤ አንዷ የታመመችው ልጇ እህል መቅመስ መጀመሯን ታበሥራታለች። መሐሪን ግን የሚያውቀው የለም። «እንግዳ ነው?» ይሏታል። «ወንድሜ ነው» ትላለች ደረቷን ነፍታ፤ እሱም መሬት መሬት ያያል።

ቤት ገብተው ማዕድ ቀረበ። ኢየሩሳሌም እጁን ካስታጠበችው በኋላ እዚያው ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂኝ።»

«እናቴ ስንቅዎን እያዘለች እንዳስተማረችዎ ነግራኛለች። ማጥናት ሲሰለቸኝ እሱን አስብ ነበር። ዛሬ እርስዎ ማንም አልደገፈኝም አሉ። የቱ ነው እውነቱ?»

«አንቺ!» አለቻት አልጣሽ። «ሰው ማዕድ ላይ ይጠየቃል?»

መሐሪ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አኖረው። «የእናትሽ ነው እውነቱ። እኔ ዋሸሁ።»

«ለምን?»

«ያለ እሷ ሳወራው ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።»

ልጅቱ የማስታጠቢያውን ውሃ ይዛ ወጣች። አልጣሽ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች። «እኔ ስሜን ትጠራለህ ብዬ አልነበረም የመጣሁ» አለች። «ልጄን ሲሸልሙልኝ ለማየት ነው።» ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። መሐሪ ተነሥቶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። «ይልቅ ብላ፤ ቀዘቀዘብህ» አለችው። እሱም በላ።

በማግስቱ ለርእሰ መምህሩ ደውሎ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ሊያርም እንደሚፈልግ ነገረው። ተማሪው ለክረምት ተበትኖ ነበርና ለመስከረም ቀጠሩት።

መስከረም ላይ መጣ። ሰልፍ ላይ ቆሞ የእህቱን ስም ጠራ፤ የሰኔው ንግግሩ ውሸት እንደነበረም ተናገረ። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዳንዱ ሳቀ። ኢየሩሳሌም ከጓደኞቿ መሐል አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ኮርታ ይሁን አፍራበት ሊለይ አልቻለም።

አልጣሽ አልተገኘችም። ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ሄዳለች። መሐሪ ብቻውን ወደ መንደር ወረደና፣ እስክትመለስ ድረስ ከበሯ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።