ታሞትሱ ወጥ ቤት ሲገባ

የእህቴ ባል ሱጊዩራ ታሞትሱ ናጎያ ከተማ አጠገብ ባለ የመኪና ፋብሪካ የመገጣጠሚያ መስመር አለቃ ነበር። እኔም በሥሩ ሠርቻለሁ፤ ምን ያህል ነዝናዛ እንደሆነ ከእህቴ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ፋብሪካችን ተፎካካሪዎቹን ጥሎ ያለፈው በእንዲህ ዓይነት ነዝናዞች ነው። ዕቃ አይከማችም፤ የሚፈለገው በሚፈለግበት ሰዓት ይመጣል። ችግር ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ከራሱ በላይ ያለውን ገመድ ይስባል፤ መስመሩ ይቆማል። አለቃው እየሮጠ መጥቶ ያመሰግነዋል፤ ከዚያ የችግሩ ሥር እስኪገኝ ድረስ «ለምን?» እያለ ይጠይቃል። ይህንን ለመማር ከስንት አገር ይመጡ ነበር።

ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲጀምር ምስኪን እህቴ ፉሳኤ አበሳዋን አየች። የጭልፋዋን ቅርጽ ግድግዳው ላይ ስሎ «እዚህ ካልሰቀልሽ» አላት። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አሰመረ። ከምድጃው በላይ ደወል ያለው ገመድ አንጠለጠለ፤ እሷ ዞር ብላም አላየችው። ይባስ ብሎ የሩዙን ጆንያ ለጎረቤት ሰጠና ለዕለት የሚበቃቸውን ብቻ እየሰፈረ መግዛት ጀመረ።

አንድ እሑድ እኔና ባለቤቴ ሳንነግራቸው እራት ላይ ደረስን። ፉሳኤ ሩዝ ልትጨምር ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ባዶ።

«ክምችት ዜሮ!» አለ ታሞትሱ ደረቱን ነፍቶ።

«እንግዳ አስርበህ ትኮራለህ?» ፊቷ በሀፍረት ቀላ። ጓዳ ገብታ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። «ጊፉ ከተማ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ! እዚያ ጭልፋው ደስ ያለው ቦታ ያድራል!»

ልለምናት ስነሳ ገፋ አደረገችኝና ገመዱን ሳበችው። ደወሉ አንባረቀ። ታሞትሱ እዚያው አጠገቧ ቆሞ ሳለ፣ እንደ ፋብሪካው ልማድ ሁለት እርምጃ ሮጦ መጣና ጎንበስ አለ።

«ስለጠራሽኝ አመሰግናለሁ!»

«ለምንድን ነው ወጥ ቤቴን የምታምሰው?»

«ሥራ እንዲቀልልሽ።»

«ለምን እንዲቀልልኝ ፈለግህ?»

«ቶሎ እንድትጨርሺ።»

«ብጨርስስ?»

ሁላችንንም ሲያርበደብድ የኖረው ሰው አንገቱን ደፋ። «አጠገቤ ትቀመጫለሽ ብዬ» አለ። «ሥራ ላይ ሰው ሁሉ ይጠራኝ ነበር። እዚህ ቀኑን ሙሉ የሚጠራኝ የለም።»

አንጀቴን በላው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ለመናገር ቤት ማፍረስ ነበረብህ?» አለችና ሻንጣውን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

ምድጃው ላይ ሾርባው ይገነፍል ጀመር። ታሞትሱ አየው። ብክነት ለእሱ ኃጢአት ነው፤ ሊነሳ ሲቃጣው በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ከአጠገቧ አልተነሳም።