የወንድሜ ዕጣን

ቤተ ክርስቲያናችን የተቃጠለው ጣሊያን ቡሬን ከያዘ በኋላ፣ ጤፉ ለአጨዳ ሲደርስ ነው። አርበኞች አድረውበታል የሚል ወሬ ደርሷቸው ወታደሮች መጡ፤ ከፊት የሚመራቸው የአገራችን ሰው፣ ባንዳ ነበር። ባለቤቴ የደብሩ ቄስ ነው። ከወንዙ ማዶ ሲያያቸው መቅደስ ገብቶ ታቦቱን በራሱ ተሸክሞ ወጣ። ዲያቆን የነበረው ታናሽ ወንድሙ ግን መጻሕፍቱን ላውጣ ብሎ ተመለሰና የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ በጥይት ተመታ። የሣር ክዳኑ ሲነድ ሬሳው እሳቱ ውስጥ ቀረ።

ባለቤቴን በሰው ፊት አንቱ ነበር የምለው፤ በልቤ ግን አንተ ነበር። አሁንም በልቤ እንደነበረው ልጥራው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ገባን፤ ጥቂት ቤተሰብ ነበርን። ባለቤቴ ታቦቱን በዋሻው ጥግ አኑሮ በጋቢ ጋረደው። አማቴም ከእኛ ጋር ነበሩ። ክህነት አልነበራቸውም፤ የብሉይ ኪዳን መምህር ስለነበሩ ግን አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ልጃቸው በእሳት ቀርቶባቸው እንኳ ማስተማራቸውን አልተዉም። ተማሪዎቻቸው ስለተበተኑ የሚሰሟቸው ሽማግሎቹና እኛ ሴቶቹ ነበርን። እኔ እየፈተልሁ እሰማለሁ፤ ሦስት ዓመት የሆናት ልጄ ጉልበቴን ተደግፋ ትተኛለች።

በእስራኤል ድንኳን ሁለት መሠዊያ ነበረ ይሉን ነበር። አንዱ በደጅ ነው፤ በናስ የተለበጠ፣ ደም የሚፈስበትና ሥጋ የሚቃጠልበት። ሁለተኛው በውስጥ ከመጋረጃው ፊት የቆመ፣ በወርቅ የተለበጠ ነው፤ እሱ ላይ ሥጋ አይቃጠልም፣ ጠዋትና ማታ ዕጣን ብቻ ይታጠንበታል። አንድ ሽማግሌ ሁለት ለምን አስፈለገ ብለው ጠየቋቸው። የኔታም፣ ሰው በደጅ ስለ በደሉ ይከፍላል፣ ወደ ውስጥ ሲቀርብ ግን የሚለው ያጣል፤ ያን ጊዜ ጢሱ ይናገርለታል ብለው መለሱ። እኔ በሆዴ፣ ደም የሚፈስበትን ደጅ አይተነዋል፣ የቀረን ውስጡ ነው አልሁ። ዕጣናችን ያለቀው በዚያው ሰሞን ነበርና። ባለቤቴ በታቦቱ ፊት ጠዋትና ማታ ያደርሰው የነበረው ጸሎተ ዕጣን ተቋረጠ።

ወዲያው ተስቦ ገባብን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች ያለ ዕጣን ቀበርናቸው። የኔታ በቀብር መልስ ላይ የአሮንን ነገር አነሡ። በሕዝቡ ላይ መቅሠፍት በወረደ ጊዜ ከመሠዊያው እሳት በጥናው ወስዶ፣ ዕጣን ጨምሮበት እየሮጠ ሄደ፤ በሞቱትና በሕይወት ባሉት መካከልም ቆመ። እኔም በማግስቱ ፈትሌን በዕጣን ልለውጥ ይዤ ቡሬ ገበያ ወረድሁ።

ነጋዴዎቹ ሁሉ መንገዱ ተዘግቷል፣ ዕጣን ከቆላ አይመጣም አሉኝ። ልመለስ ስል ታላቅ ወንድሜን አየሁት። ቤተ ክርስቲያኑ ከመቃጠሉ በፊት ለጣሊያን የጭነት በቅሎ ነጂ ሆኖ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን በቤታችን አንጠራም። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። እሱ ግን ለየኝ።

“ከእኔ አትሸፈኝ። ምን ፈልገሽ መጣሽ?” አለኝ።

ዕጣን አልሁት። ከአንድ ዋርካ ሥር አስቀምጦኝ ሄደና በጨርቅ የተቋጠረ፣ ሁለት ጭብጥ የሚሆን ዕጣን ይዞ ተመለሰ። ለጣሊያኖቹ ዕቃ ከሚያቀርብ ነጋዴ ከደሞዙ እንደገዛው ነገረኝ። ቤተ ክርስቲያናችንን ካቃጠሉት ጋር ነበርህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የዚያን ቀን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንለው ከተማ ጭነት ይዞ እንደሄደ ማለልኝ። አመንሁት፤ ዛሬም አምነዋለሁ።

“ከየት አመጣሽው ቢሉሽ አትዋሻቸው” አለኝ። “ብቻ ስለ እኔም አንድ ጊዜ ይታጠንልኝ።”

አልዋሸሁም። ባለቤቴ ቋጠሮውን ከእጄ ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር፤ የወንድሜን ነገር ሲሰማ ሰበሰበው። የአሮን ልጆች ባዕድ እሳት አቅርበው እንደተቀሠፉ ጠቀሰና፣ ከጠላት ደሞዝ የተገዛ ዕጣን በታቦቱ ፊት አላጥንም አለ። የኔታ በትዕግሥት መለሱለት። በሙሴ ላይ ያመፁት ሰዎች እሳት ሲበላቸው ጥናዎቻቸው አልተጣሉም፤ ለእግዚአብሔር ቀርበዋልና ተቀጥቅጠው የመሠዊያው መለበጫ ሆኑ።

“እንግዲህ ያመፀኛ ጥና ለመሠዊያ ከበቃ፣ የአንድ በቅሎ ነጂ ዕጣን እንዴት ይነወራል?” አሉት።

“አባቴ፣ ወንድሜ እኮ መቃብር እንኳ የለውም” አለ ባለቤቴ።

የኔታም፣ “ለእኔም ልጄ ነው” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ዕጣኑን በዋሻው ስንጥቅ ውስጥ አኖርሁት። ሳምንት ሳይሞላ ልጄን ተስቦ ያዛት። በሦስተኛው ቀን ቋጠሮውን አውጥቼ ባለቤቴ እግር ሥር አስቀመጥሁና፣ “ስለ ልጅዎ” አልሁት። አንሥቶ በመዳፉ ይዞት እስከ ቀትር ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቦታው መለሰው። በማግስቱ ጠዋት ትንፋሿ ቆመ።

በቀብሯ ጊዜ ማንም ምንም ሳይለው ፍሙን ራሱ ወሰደ፤ አጥሚቷን ሳፈላበት ከነበረው ምድጃ ነበር። ከወንድሜ ዕጣን ጨመረበትና ፍትሐቱን ጀመረ፤ መጨረስ ግን አቃተው። የኔታ ከጎኑ ሆነው ዜማውን ተቀበሉለት። መቃብሩ ሲሞላ ጥናውን እንደያዘ ወደ ዋሻው ተመለሰና፣ በየመደቡ በተኙት በሽተኞች መካከል እያጠነ አለፈ።

በሽታው በዚያ አልቆመም፤ ከእሷ በኋላም ሁለት ሰዎች ሞቱብን። የኔታም ዕጣን መድኃኒት ነው ብለው አያውቁም። እኔም ልጄን ያድናት ነበር አልልም። ብቻ ዓይኗ ሳይከደን ሽታው እንዲደርሳት፣ አባቷ ቆሞላት እንድታይ ፈልጌ ነበር። ይህ ቁጭት ከኀዘኑ ይልቅ ከረመብኝ።

ጠላት ሲወጣ ወደ መንደራችን ወጥተን ቤተ ክርስቲያኑን በሣር ከደንነው። የኔታ አላዩትም፤ በዋሻው ሳለን ዐረፉ። ወንድሜ ከጣሊያኖቹ ጋር እንደወጣ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ሲያርስ ምሳ ይዤለት ሄድሁ። በሬዎቹን አቁሞ፣ እርፉን ሳይለቅ፣ “አባቴ ልክ ነበሩ። ልጄን በደልኋት” አለኝ። አልመለስሁለትም። አገልግሉን ከድንበሩ ላይ አስቀመጥሁ። ጥቂት ጠበቀኝና ወደ በሬዎቹ ዞረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፣ ሌሎች ልጆችም ወለድን፤ ነገሩን ግን ሳያነሣው ሞተ። ያን ቀን ዝም ያልሁት ቃል አጥቼ ነው ብዬ ራሴን እያታለልሁ ኖርሁ። እውነቱ ልቀጣው ፈልጌ ነበር።