የሕንዷ ስግደትና የእናቴ ወገብ

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደርግ ትርፍ ቤት ከወረሰ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ቁስቋም ሰፈር ካለው ግቢያችን ጓሮ ያለችው ሁለት ክፍል ቤትም ከእጃችን ወጥታ የቀበሌ ሆናለች። ያቺን ቤት እናቴ አባቴ በሕይወት ሳለ ጭቃዋን አብራው የረገጠቻት ስለሆነች፣ ቀበሌው ተከራይ ባስገባ ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። መጀመሪያ አንድ የእርሻ ሠራተኛ ገባ፤ ፊቷን አዞረች። ቀጥሎ ፖሊስ ገባ፤ ፊቷን አዞረች። ከእሱ በኋላ ሕንዷ መጣች።

ሕንዷ የእኛው ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ናት። ያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ሕንድ አስተማሪ አይጠፋም፤ አብዛኞቹ ግን ባልና ሚስት ሆነው ነበር የሚመጡት። እሷ ባሏ የሞተባት፣ ግራጫ ፀጉሯን እስከ ወገቧ የምትጎነጉን፣ የጎንደር ብርድ ገርሟት በሳሪዋ ላይ ወፍራም ሹራብ የምትደርብ ሴት ነበረች። እኛ ተማሪዎቿ «ሚስ» እንላታለን። ሰፈሩም ሚስ አላት፣ እናቴም ሚስ አለቻት።

አንድ ማለዳ እናቴ ብርድ ልብሴን ገፈፈችኝ።

«ተነሺማ! ነይ እይልኝ!»

በጓሮው መስኮት አየን። ሚስ በረንዳዋ ላይ ሰሌን ዘርግታ ቆማለች፤ ፊቷ ወደ ምሥራቅ። እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ቆየች፤ ወደ ሰማይ ዘረጋቻቸው፤ ከዚያ እጥፍ ብላ ወረደች። ግንባሯ መሬት ነካ። ተነሣችና ደገመችው።

«አየሽ?» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ። «ወደ ምሥራቅ ነው እኮ! በግንባሯ ነው እኮ!»

«አየሁ።»

«ሥጋ እንደማትቀምስስ ሰምተሻል?»

ያልሰማ የለም። ለገና ጎረቤት የላከላትን ዶሮ ወጥ ሚስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ መልሳዋለች። እንቁላል አትበላም። ከበራችን ፊት ለፊት ጠላ የምትሸጥ ጎረቤታችን፣ ሰፈር ውስጥ የሚገባ ወሬ ሁሉ በእሷ ደጅ ቀረጥ ከፍሎ ነው የሚያልፈውና፣ ነገሩን ወዲያው ፈረደችው።

«እንዴ! ዓመት ሙሉ የምትጾም፣ ጎህ ሲቀድ የምትሰግድ፣ ከወንድ የማትደርስ! እናንተ ሆዬ፣ ቀበሌው ሳያውቅ መነኩሲት አስገባልን!»

ከዚያማ ማን ይመልሰው። በሚስ ደጃፍ ሽሮው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ የምስር ወጡ ይሰለፍ ጀመር። አንዷ እናት የሚያስል ልጇን ይዛ ለቡራኬ መጣች። ሚስ ግራ ገብቷት ሎሚና ማር በሙቅ ውኃ በጥብጣ ሰጠቻት። ሳሉ ቆመ። እናቴም ያዞረችውን ፊቷን መለሰች፤ «ቤቴ ከተወረሰች በኋላ እንኳን ጸሎት አላጣችም፤ ተመስገን!» አለች።

አሁን የእናቴን ወገብ ልንገራችሁ። ካቻምና ክረምት ከቦኖ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጭቃ አዳለጣት። እንስራውን ለቅቃ ራሷን ብታድን ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን ራሷን ለቅቃ እንስራውን አዳነች። ሆስፒታል ኪኒን ሰጣት፤ ወጌሻም አሻት። መራመዱን ራመደች፤ መጎንበስ ግን እንቢ አለ። ለሌላ ሰው ይኼ ብዙ ላይሆን ይችላል። ለእናቴ ግን ስቅለት ማለት ስግደት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያን ቀን ከማለዳ እስከ ምሽት ሳትሰግድ የዋለችበት ዓመት አልነበረም። አምና ግን ሰዉ ሁሉ ሲወድቅ ሲነሣ እሷ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዋለች። የንስሐ አባቷ «ለታመመ ሰው መቀመጡም ስግደት ነው» ቢሏትም አልተጽናናችም። ቤት ስንገባ ነጠላዋን እያጠፈች፣ «እንደ ሠርገኛ ቁጭ ብዬ የጌታን መከራ አየሁ» አለችና ፊቷን ሸፈነች። ዘንድሮ መስገድ አለባት። ካልሆነላት፣ ሁለተኛ እንደማትነሣ በልቧ ቆርጣው ነበር።

እና አንድ ቀን ጠየቀችኝ፤ «ሚስ በዚያ ዕድሜዋ እንዴት ነው እንደ ጅማት የምትተጣጠፈው? እስኪ በእንግሊዝኛሽ ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኩላት። ሚስ የእናቴን ወገብ በእጇ መዳፍ ዳሰሰችና፣ ከጥምቀት በኋላ በማለዳ እንድትመጣ ቀጠረቻት። ዛሬ ልጆቼ ዮጋ ይሉታል፤ በቴሌቪዥንም አይተውታል። ያኔ ስሙን አናውቀውም ነበር፤ «የሚስ ስግደት» ነው የምንለው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት እንዲህ ነበር።

«መጀመሪያ ትንፋሽ ነው ትላለች» አልኩ።

«ትንፋሽ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ከተወለድኩ ጀምሮ ስተነፍስ ነው የኖርኩት!»

ሚስ ሳቀች። እናቴን ከቤት ባመጣነው አጎዛ ላይ አስቀመጠቻት፤ ዓይኗን እንድትጨፍን፣ አየሩን በአፍንጫዋ ቀስ አድርጋ እንድትስብ፣ ቀስ አድርጋ እንድትለቅ አሳየቻት። እናቴም እንዳገኘችው ዝም ብላ አትስብም፤ ስትስብ «እግዚኦ» አለች፣ ስትለቅ «ተሣሃለነ» አለች። ገጠመላት። በማግስቱ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን እንደ ድመት መለጠጥ መጣ።

«በልጄ ፊት? አራት እግር ሆኜ?» ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሳቀች። ግን አደረገችው። ወገቧ ሲንቋቋ እኔም ሰማሁ።

ሁልጊዜ በመጨረሻ ላይ ሚስ ጸጥ ትልና፣ ከትናንቱ ቀን ያመሰገነችበትን አንድ ነገር ትናገራለች። የሚጣፍጥ ብርቱካን። የአንድ ሰነፍ ተማሪ ትክክለኛ መልስ። እናቴ ይኼን አልወደደችውም።

«ተመስገን በደፈናው ነው እንጂ ይዘረዘራል እንዴ? እሱ የሰጠውን አያውቅም?»

ሚስ በበኩሏ የእናቴ ተመስገን ይደንቃት ነበር። አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ፤ «እናትሽ ስኳር ለመግዛት ተሰልፋ ተራዋ ሳይደርስ ስኳሩ ሲያልቅ ተመስገን አለች። ወገቧን ሲያማትም ተመስገን አለች። ለምኑ ነው?» ተርጉሜ ለእናቴ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ለሚመጣው ነው በያት፤ ያለፈውን ማን ይመልሰዋል» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እናቴም ቀስ በቀስ መዘርዘር ጀመረች። «ትናንት ካልሲዬን ያለ መነጽር ጠቀምኩ።» «ዶሮዋ ጎረቤት ከመጣል የእኛ ቤት ጣለች።» አንዳንዴ ዝርዝሩ ይረዝምና ሚስ ትምህርት ቤት ይረፍድባት ነበር።

በዚህ ሁሉ የሚስቀው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ፓርቲ አባል ለመሆን በእጩነት የሚጠብቅ፣ አለቆቹ እንዳያዩት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ከራቀ የቆየ። እሑድ እሑድ ምሳ ከእኛ ጋር ይበላ ነበር።

«እታለም፣ ዓይን ጨፍኖ ዝም ብሎ መቀመጥ ከሆነ እኔም በየሳምንቱ በውይይት ክበብ እሠራዋለሁ። ወገቤን ግን ይባስ አመመኝ።»

«አንተማ የምትተነፍሰው ሌላ ሰው ሲፈቅድልህ ነው» አለችው።

አጎቴ ሳቁን አቁሞ ወጡን ጎረሰ።

ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴ አሁን ጣቶቿ ጉልበቷ ሥር ደርሰዋል፤ በደህና ቀን ቁርጭምጭሚቷን ይነካሉ። ከጾሙ እኩሌታ አልፎ አንድ ከሰዓት በኋላ ባለ ጠላዋ እየሮጠች መጣች፤ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ጉዳችን ፈላ! አየኋት! በዓይኔ በብረቱ!»

«ምኑን?»

«ወተት! ሻይዋ ውስጥ ወተት ትጨምራለች! በሁዳዴ!»

እናቴ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። ያን ቀን ማታ አልበላችም። በነጋው ሚስ በረንዳዋ ላይ ሰሌን ዘርግታ ስትጠብቃት አልሄደችም። ሲመሽ ግን እኔን አስከትላ በሩን አንኳኳች፤ ቆማ ሳትቀመጥ፣ «ለማን ነው የምትሰግጅው? ብለሽ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ሚስ ፈገግታዋ ጠፋ። ቀስ ብላ መለሰች፤ እኔም እየተንተባተብኩ ተረጎምኩ። ሥጋ የማትበላው ከልጅነቷ በአባቷ ቤት ስለማይበላ ነው፤ ወተት ግን ይጠጣል። በማለዳ የምታደርገው እናቷ ያስተማረቻት ነው፤ ለፀሐይ መውጫ ሰላምታ፣ ለሰውነቷ ጤና፣ ለልቧ እርጋታ። ጸሎቷ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጸሎቷን ውስጥ ሆና ትጸልያለች። መነኩሲት ናት ተብሎ መወራቱን የሰማችው ገና አሁን ነው። ይኼን ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ «ለዚህ ነው እንዴ ያ ሁሉ ሽሮ?» አለች።

እናቴ አልሳቀችም። «ለፀሐይ» የሚለው ቃል ልቧ ላይ ወድቋል። «ሁለት ወር ሙሉ ለፀሐይ ስሰግድ ከርሜ ይሆን?» እያለች ወደ ቤት ተመለሰች።

በማግስቱ ቁስቋም ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ፣ ከጥንቱ የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እግራቸው ሥር ወድቃ ከትንፋሹ ጀምራ እስከ ድመቱ ድረስ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

«ስትጀምሪ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«በስመ አብ እላለሁ፣ አባቴ።»

«ስትወርጂስ?»

«እግዚኦ ተሣሃለነ።»

አባ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «እንግዲህ ድንች የሚለቅም ሁሉ ያጎነብሳል፤ ለድንች ሰገደ አይባልም። ነገር ግን ልጄ፣ መድኃኒቱንና ጸሎቱን በአንድ ዋንጫ አትጠጪ። በማለዳ ለእግዜርሽ ብቻ ስገጂ፤ በቻልሽው ልክ። ለወገብሽ የሚሆነውን ደግሞ ከሰዓት በኋላ አድርጊው፤ ያን ጊዜ እግዚኦም አትበይበት፤ እንደ መድኃኒት ዝም ብለሽ ውሰጂው።» ቀና ልትል ስትል መልሰው ጠሯት። «ለመሆኑ ያ የድመቱ ለጉልበትም ይሆናል?»

እናቴ ሸክሟ ቀሎላት ወረደች። ሚስን ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ችግሩ ታዲያ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ትንፋሿን በእግዚኦ ትሞላው ነበር፤ አሁን ባዶውን መቀመጥ አለባት። አቃታት። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ትቆይና፣ «በርበሬው ፀሐይ ላይ ነው» ብላ ትነሣለች። «አባትሽ ትዝ አለኝ» ብላ ትነሣለች። «ዝም ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አለችኝ አንድ ቀን። «አፌ ዝም ሲል ሆዴ ይጮኻል።» ሚስ ደግሞ፣ «ይጩኽ፤ ይደክመዋል» ነበር መልሷ። ሆሳዕና ሲቃረብ እናቴ ጥላው ከግድግዳው እስኪወርድ ድረስ ሳትነሣ ስትቀመጥ አየሁ። ፊቷ ሸጋ ሆኖ፣ ውኃ እንደጠጣ ሰው።

ስቅለት ደረሰ። ማለዳ ወጣን። ግቢው በነጭ ነጠላ ተሸፍኗል፤ እናቴ አጎዛዋን አምና ከተቀመጠችበት ድንጋይ ርቃ፣ ከሴቶቹ መሀል ዘረጋችው። ሚስ እናቴ የሰጠቻትን ነጠላ ተከናንባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ከቅጽሩ በር አጠገብ ቆማለች። ኪርያላይሶኑ ተጀመረ። እናቴ ወረደች። ትንፋሼን ያዝኩ። በእጇ ተመርኩዛ፣ ቀስ ብላ፣ ግንባሯን አስነካች። ተነሣች። ባለ ጠላዋ ከጎኗ፣ «እሰይ እቴ!» አለች።

እስከ ቀትር ሰገደች። ቀትር ላይ ከንፈሯ ገረጣ፤ ወገቧን ይዛ ቀረች። አለቀ ብዬ ነበር። እሷ ግን አጎዛው ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጣለች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ዙሪያዋ ሰዉ ይወድቃል ይነሣል፤ እሷ ምንም ሳትል ትተነፍሳለች። ከቆይታ በኋላ በስመ አብ ብላ ተነሣችና ቀጠለች። አመሻሽ ላይ ካህናቱ ወይራቸውን ይዘው የምእመኑን ጀርባ እየነኩ የሚሰገደውን ብዛት ሲያዝዙ፣ አባ እሷ ጋ ሲደርሱ በወይራው ጫፍ ዳበስ አደረጓት።

«ምነው አባቴ፣ እንደ ጤነኛ ምቱኝ እንጂ!» አለቻቸው።

መቷት።

ስንወጣ አጎቴ ከቅጽሩ ውጪ ቆሟል፤ በቅሎ ተውሶ። ወድቃለች፣ ሰው ተሸክሟት ነው የምትወጣው ብሎ ነበር። እናቴ በቅሎዋን አየቻት፣ እሱን አየችው።

«ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ፣ እታለም።»

«እኔማ እግር አለኝ። ሚስን ጠይቃት፤ ቆማ ነው የዋለችው።»

ሚስ በቅሎ ፈራች። አጎቴም አጎዛውን ከእናቴ ተቀብሎ በቅሎዋ ላይ ጫነና፣ ልጓሟን ይዞ፣ ማን አየኝ ሳይል፣ በዋናው መንገድ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር በኩል እስከ ቤታችን ድረስ ከኋላችን ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ስቅለት ነጠላ ለብሶ ከማለዳው ከእኛ ጋር ወጣ፤ ከወንዶቹ ጋር ቆመና እስከ ማታ ሰገደ።