አጎቴ መንገድ ሲጠይቁ

አጎቴ ዓይነ ስውር ነበሩ። ሱዳን ስንኖር ከካላክላ ሰፈር ወደ ሳጃና በሚኒባስ ሲሄዱ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሁሉ በዐረብኛ “ወንድሜ፣ የት ደረስን?” ይሉ ነበር። እኔ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆኑ ዕቃዎችን ንድፍ እማር ስለነበር፣ ፌርማታ የሚናገር መሣሪያ ልሠራላቸው አሰብኩ። መምህሬ ግን “መጀመሪያ አብረሃቸው ተሳፈር” አለኝ።

ተሳፈርን። አጎቴ እያንዳንዱን ፌርማታ ሳንደርስበት በጆሮዬ ነገሩኝ፤ አንዱንም አልሳቱም።

“ጋሼ፣ ካወቁት ለምን ይጠይቃሉ?”

“አንተ ዕቃ ገጣጣሚ! ሰው ዓይነ ስውር አጠገብ ሲቀመጥ ይጨነቃል። ስጠይቀው ቀለል ይለዋል፤ ከዚያ ጨዋታ ነው። ማሽንህ ሊያጫውተኝ ነው?”

መሣሪያውን ተውኩት። ካረፉ ወዲህ ያ ሚኒባስ ጭር ብሎብኛል። ለቅሷቸው ላይ የማናውቃቸው ሁለት ሱዳናውያን መጥተው ነበር። “ከሚኒባሱ ሲጠፉብን ጊዜ፣ ቤታቸውን ሰው እየጠየቅን መጣን” አሉን።