የቲቸር ዳን ካሴት

በቀደም የእናቴን ቁም ሣጥን ሳጸዳ አንድ ካሴት ብቅ አለ፤ ክዳኑን ስከፍተው የቦንጋ ክረምት ሻጋታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና፣ እውነቴን ነው፣ ድሮ ሻይ ቤታችን ውስጥ ቁጭ ያልኩ መሰለኝ።

ሻይ ቤቷ ወደ ሺሺንዳ የሚሄዱ መኪኖች የሚቆሙበት ጋ ነበረች፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሾፌሩም የዞን ቢሮ ሠራተኛውም ተጠጋግቶ ትኩስ ቦንቦሊኖውን በሻይ እያወራረደ ያወጋል። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት አንድ አሜሪካዊ እንግሊዝኛ ሊያስተምረን መጣ፤ ቲቸር ዳን እንለው ነበር፤ ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ጉድ! አንድ ቀን በገዛ ግጥሙና ዜማው፣ በጊታር የተጫወተውን ካሴት ለእናቴ ሰጣት። ሽፋኑ ላይ ፎቶውን ስታይ እልል አለች። ካሴት ማውጣት ቀልድ ነው እንዴ?

እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «በአገሬ ማንም አልሰማውም፤ መዝፈንም ትቻለሁ» አለ።

ማን ይመነው! እናቴ፣ «አይ ትሕትና! ትልቅ ሰው እንዲህ ነው» ብላ ለደንበኛው ሁሉ አወራች። ከዚያ ወዲያ ያ ካሴት ሲከፈት ሻይ ማማሰል እንኳ ክልክል ሆነ፤ ቃሉ ለአንዳችንም ሳይገባን ዜማውን ሁላችንም እናንጎራጉር ጀመር፤ አንድ የቢታ ገነት መስመር ሾፌርማ ጭራሽ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ግጥም ገጠመለት። የእናቴ ምኞት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ በገዛ አፉ ሲዘፍን መስማት። በለመነችው ቁጥር ፊቱ ቀልቶ፣ ሳቅ ብሎ ያልፋታል።

ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል በደገስንለት መሸኛ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እናቴ ዜማውን ራሷ ጀመረችው፤ ሾፌሩ በካፊኖኖ ተቀበላት፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ቲቸር ዳን መጀመሪያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ኋላ እንባው እየወረደ ተነሥቶ ዘፈነ፤ ምን ዓይነት ድምፅ ነበር እናንተ! ሲጨርስ እናቴ ወደ እኛ ዞራ፣ «አላልኳችሁም?» አለች።

ሰሞኑን ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ፤ ወፍ የለም። ለካ እውነቱን ነበር። ካሴት ማጫወቻ ፍለጋ ቦንጋን አካለልኩ፤ ባጃጁ ሁሉ በፍላሽ ነው የሚያዘፍነው። ያንን ዜማ ከዳር እስከ ዳር የምታውቀው እናቴ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ባለፈው ጥር ቀበርናት። በለቅሶው ላይ ስለ ደግነቷ ያልተወራ የለም፣ ቲቸር ዳንን ግን አንድም ሰው አላነሣውም። በዚህ ሰፊ ዓለም እሱ ዝነኛ የሆነው እኛ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር፣ ያም ቀረ። ዜማውን እኔም ልሞክረው እልና መጀመሪያውን አገኘዋለሁ፤ እሷ ድምፅዋን ከፍ የምታደርግበት ቦታ ስደርስ ይጠፋብኛል።