ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ማሽን

ባለፈው ክረምት ዕረፍቴን ያሳለፍኩት ካዚኖ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት ብር እንደተበላሁ ነው። አልተበላሁም። የበላሁት እኔ ነኝ፤ የማፍረውም በዚያ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቀን ልጆችን፣ ማታ ደግሞ ሥራ ውለው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎችን። ክረምት ሲገባ አቅም ያለው አስተማሪ ሐዋሳ ይወርዳል፣ ቤተሰብ ያለው ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። እኔ ወሎ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ ክፍል ውስጥ ምድጃ እንዲለኮስ ስለማይፈቅዱ ዓመቱን ሙሉ ምሳዬን የምበላው ካዛንቺስ፣ ቆርቆሮና ሸራ በለበሱት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ እነሱም አብረው ፈረሱ። አሁን በቦታው ሰፊ መንገድ አለ፣ የብስክሌት መስመር አለ፣ ማታ ማታ የሚበራ መብራት አለ። ሽሮ ግን የለም።

መላውን ያመጣው አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ከተማው ውስጥ የማያውቀው ጥግ የለም። ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሥር የማሽን ጨዋታ አዳራሽ እንዳለ፣ ለተጫዋች ምግብና ሻይ በነጻ እንደሚታደል ሰምቶ መጣ።

«በቃ፣ የዘንድሮ ቫኬሽናችን ካዚኖ ነው» አለኝ። «ሀብታም በአውሮፕላን ይሄዳል፣ እኛ ከኡራኤል በእግራችን እንደርሳለን።»

እሱ የቀለደበትን እኔ ዕቅድ አደረግኩት። የሐምሌን የመጨረሻ ሦስት ቀናት እዚያ እየተቀመጥኩ አሠራሩን አጠናሁ። ዋጋው ትንሹን የመጫወቻ ካርድ ገዝቶ ማሽን ፊት መቀመጥ በቂ ነው። ቶሎ ቶሎ ተጫን የሚል ሰው የለም፤ ሥዕሎቹ አንዴ ዞረው ከቆሙ በኋላ ተረጋግቶ ሻይ መጠጣት ይቻላል። ምግብ የሚወጣው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቀድሞ የመጣ ሰው እስከዚያ ድረስ ካርዱን ይጨርሳል፣ የዘገየ ደግሞ ትሪው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ትክክለኛው መግቢያ ስድስት ከሩብ ነው። አዳራሹ ሰዓትም መስኮትም የለውም፤ ስልክን ጉልበት ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ጽፌዋለሁ። ደብተሩ አሁንም አለ፤ ልቀደው አስቤ አልቀደድኩትም።

ለተጫዋች የሚታደለው ሁለት የምስር ሳምቡሳ ወይም ሳንድዊች ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ነሐሴ አንድ፣ ፍልሰታ በገባበት ዕለት፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ወዳለው የመጨረሻ ማሽን ተዛወርኩ። እዚያ ሙሉ ሳህን መጣልኝ፤ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ከጎኑም ቃሪያ። ሳህኑን ያመጡልኝ ተማሪዬ ነበሩ።

ተማሪዬ ስል ትንሽ ልጅ እንዳይመስላችሁ። የእናቴ ታናሽ እህት ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው። በማታው ክፍል ዘጠነኛ ይማራሉ፤ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው በትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ። እኔ በዕድሜያቸው፣ እሳቸው በአስተማሪነቴ፣ ሁለታችንም አንቱ እንባባላለን። በዚያ ሆቴል ወጥ ቤት ሳህን ያጥባሉ። የእጃቸው ቆዳ በሳሙናው ተልጦ እርሳስ ሲይዙ እንኳ ያማቸው ነበር። ሌላውን ትምህርት ሁሉ አልፈው በሒሳብ ብቻ ወድቀዋል፤ ድጋሚ ፈተናው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ አውጪውም አራሚውም እኔ ነኝ። ካለፉ፣ ወደ አሥረኛ ክፍል መዛወራቸውን የሚያሳይ ወረቀት ዓመቱ ሳያልቅ ለሆቴሉ ካቀረቡ፣ ከሳህን እጥበት ወጥተው ዕቃ ክፍል ሊመደቡ ቃል ተገብቶላቸዋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ማለት ብችል ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት።

«ቲቸር፣ እዚህ ደግሞ ምን ያደርጋሉ?» አሉኝ።

ሰው እየጠበቅኩ ነው አልኳቸው። ማሽኑን አዩት፣ ካርዱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እስኪመጡ ድረስ ታዲያ ይብሉ» ብለው ሳህኑን አስቀመጡልኝ። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ሰው አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

በማግስቱም ሙሉ ሳህን መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን። አስተማሪ ነኝና ምክንያት ፈለግኩለት። ከወጥ ቤቱ በር የሚወጣ ምግብ መጀመሪያ የሚያገኘው ቅርብ ያለውን ሰው ነው፤ ስለዚህ ወሳኙ ነገር ወንበሩ ነው ብዬ ለጓደኛዬ አስረዳሁት። እሱም መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ለእኔ ሳህን፣ ለእሱ ሁለት ሳምቡሳ መጣ። ፎርሙላህ የሚሠራው ለአንድ ሰው ብቻ ነው ወይ አለኝ። አሥር ደቂቃ ስለዘገየህ ነው አልኩት። በማግስቱ ቀድሞኝ ገብቶ የራሴ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ የእሱ ላይ። ሳህኑ በአጠገቡ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። ጓደኛዬ በዓይኑ ሸኝቶት ዞር አለ።

«ወንድሜ፣ የሚያስበላህ ማሽኑ አይደለም፣ ፊትህ ነው» አለኝ። «ወይ እዚህ ቤት ዘመድ አለህ፣ ወይ ደግሞ የሆነ ሰው ውጤት እጅህ ላይ ነው።»

እየቀለደ ነበር፤ የማታ ክፍል ስለማያስተምር ሳህኑን የሚያመጡትን ሴት አያውቃቸውም፣ ተማሪዬ መሆናቸውንም አልነገርኩትም። ሳቅኩና ጎረስኩ። እሱ በሳምንቱ ሳምቡሳው ሰልችቶት ቀረ። እኔ ካርድ መግዛቱንም እየተውኩት መጣሁ፤ ባዶ ማሽን ፊት ብቀመጥም ሳህኑ ይመጣልኝ ነበር።

አንድ ቀን ለይሉኝታ ያህል እርስዎስ አይበሉም ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ጾም አይደል እንዴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም አሉኝ። እኔ ከፍስክ ምግብ እርቃለሁ እንጂ ሰዓት አልይዝም፤ ብርታታቸውን አደነቅኩ። አድንቄም ምሳዬን በላሁ።

ሌላ ቀን ሳህኑን ካስቀመጡ በኋላ ከሽርጣቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የኳድራቲክ ጥያቄ ነበር። ሶፍት ላይ እየጻፍኩ፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስረዳኋቸው፤ ገባቸው፣ ፊታቸው በራ። ከዚያ ወዲያ ሳህኑ የሚገባኝ መሰለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ወረቀቱን እንደገና ይዘው ሲመጡ ግን እንዳጋጣሚ ካርድ ገዝቼ ነበር፤ ማሽኑም እያቃጨለ መስጠት ጀምሮልኝ ነበር። ዓይኔን ከመስታወቱ ሳላነሳ ነገ በደንብ አሳይዎታለሁ አልኳቸው። እሺ ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ነገ ሆነ፤ እሳቸውም አላነሱት፣ እኔም አላስታወስኳቸው።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ፍልሰታ ተፈታ። በማግስቱ የመጣልኝ ቀይ ወጥ ነበር፣ አይብ ያለው። እየበላሁ ሳለ የወጥ ቤቱ በር ክፍት ሆኖ ቀረ። ሠራተኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ቀይ ወጥ ይበላሉ፤ ሁሉም የየራሱን ሳህን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ተማሪዬ ከዳር ተቀምጠው ሻይ ይዘዋል። ሻይ ብቻ። ስልኬን አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ነው። ጾሙ ተፈትቷል፣ ቀኑም ረቡዕ አይደለም፣ ዓርብም አይደለም።

በአጠገቤ የምታልፈውን ወጣት አስተናጋጅ ጠርቼ፣ እሳቸው አሁንም ይጾማሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ሳህኑን አየች።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ የሳቸው ነው» አለችኝ። «ለሠራተኛ በቀን አንድ ሳህን ነው የሚሰጠው። ለተጫዋች ወጥ ወጥቶ አያውቅም። አልነገሩዎትም?»

ግማሹን በልቼው ነበር። የበላሁትን መመለስ አልችልም። የቀረውን ብልከው ደግሞ ማወቄን ያውቃሉ፣ ይሸማቀቃሉ፤ ስለዚህ ለክብራቸው ሲባል ጨርሶ መብላቱ ይሻላል። እንዲህ ብዬ ለራሴ አስረዳሁና ጨረስኩት። ከሁሉ የማፍረው በዚያች ግማሽ ሳህን ነው። ሌላውን ሳላውቅ በላሁት እላለሁ፤ እሷን ግን አውቄ ነው የበላኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ አዳራሹ አልሄድኩም። ቸር ሰንብቱ እንኳ አላልኳቸውም።

የፈተናው ዕለት ተማሪዬ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ሁለት እርሳስ ቀርጸው መጡ። ወረቀታቸውን ያረምኩት በማግስቱ ነው። እዚህ ላይ የእርማት ልማዴን መናገር አለብኝ። አንድ ተማሪ መልሱን ቢስትም፣ አሠራሩ ትክክል ከሆነ፣ ከነጥቡ ግማሹን እሰጠዋለሁ። በተለይ ለማታ ተማሪዎች፤ ደክሟቸው ስለሚመጡ ምልክት ይጥላሉ እንጂ መንገዱን አይስቱም። ተማሪዬም እንዲሁ ነበሩ። ሁለት ጥያቄ ላይ አሠራራቸው ከዳር እስከ ዳር ትክክል ነው፤ መጨረሻ ላይ የኔጌቲቭ ምልክቱን ጥለውታል። እጄ ግማሽ ነጥቡን ሊጽፍ ሄዶ ቆመ። ብሰጣቸው የምሳው ዋጋ ነው፣ ጉቦ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለቱንም ኤክስ አደረግኩባቸው። ድምሩ አርባ ስምንት መጣ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። እስክሪብቶዬን ስከድን ንጹሕ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ቀን ከሥራ በቀጥታ መጡ። ጣታቸውን በስማቸው መስመር ላይ እየጎተቱ አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። እኔ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሜያለሁ፤ መግባትም መውጣትም አቅቶኛል። ወደ እኔ መጡና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቲቸር» አሉኝ። «እርስዎማ ደህና አድርገው አስረድተውኝ ነበር።»

ማሽን ፊት ተቀምጬ ነገ ያልኳቸውን አላነሱም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ የሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ከተፈታኞቹ አምስቱ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ምልክት ጥለዋል። ለአምስቱም ግማሽ ነጥብ ሰጥቻለሁ። የከለከልኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምሳቸውን የበላሁባቸውን።

ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ትምህርት ክፍላችን ተጠሪ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ውጤት መቀየርን እንደ ቀላል ነገር አያዩትም። ተማሪዋ ባሉበት፣ ምክንያቱ ተነግሮ ነው የሚታየው አሉ። በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ቢሮው ውስጥ ተቀመጥን። ተጠሪው የተማሪዬንና የሌላ ሰው ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው አመሳከሩ።

«ለዚህኛው ሰጥተሃል፣ ለእሳቸው ከልክለሃል። ምን አድርገውህ ነው?» አሉኝ።

ማስረዳት እወዳለሁ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ በዚህ ይቀልድብኛል። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን ስለ አዳራሹ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ስድስት ከሩብ ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ አልወጣም።

«ምሳቸውን ስበላ ነበር» አልኩ። «ከሁለት ሳምንት በላይ። ነጥቡን ብሰጥ ጉቦ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው።»

ተጠሪው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ተማሪዬ ዞሩ። እሳቸው ከእኔ ይልቅ ደንግጠው ነበር።

«ኧረ እሳቸው አልበሉብኝም፣ እኔ ነኝ ያበላኋቸው» አሉ። «ጎረምሳ ልጅ በምሳ ሰዓት ብቻውን ማሽን ፊት ተቀምጦ ሳይ፣ የሚበላው ቢያጣ ነው አልኩ። ማስተማርን ያህል ሥራ ይዞ። አሳዘኑኝ እኮ። ስለ ፈተናው አስቤ ቢሆን ኖሮ በቃሪያ አልሸኛቸውም ነበር፤ ዶሮ እሠራ ነበር።»

ተጠሪው ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ለሁለት ሳምንት ተኩል ውጤታቸውን የያዝኩ ሰው መስዬ ለራሴ ስታይ ኖሬ ነበር፤ በሳቸው ዓይን ግን የራበው ልጅ ነበርኩ።

ተጠሪው ሁለቱን ጥያቄዎች በራሳቸው እጅ አረሙ፤ ድምሩ ሃምሳ ሁለት ሆነ። ፈረሙ፣ ማኅተም አደረጉ። ወረቀቱን ለሆቴሉ ለማድረስ ገና አራት ቀን ነበር። ለእኔ ደግሞ የማታውን ክፍል ፈተና ከእንግዲህ ሌላ መምህር እንደሚያርመው ነገሩኝ። ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእርግጥ ተቸግረሃል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ወረቀቶች ሰብስቤ ተነሳሁ።

ተማሪዬን እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘኋቸው። ወረቀቱ እንዳይረጥብ በፌስታል ጠቅልለው በነጠላቸው ሥር ይዘውታል፤ ካፊያ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ያው አልፏል። አሁንስ ምሳ የት ነው የሚበሉት?» አሉኝ።

ረዳቱ ስታዲየም፣ ስታዲየም እያለ በሩን ከፈተ። እሳቸው አንድ እግራቸውን አስገብተው መልሴን ይጠብቁ ነበር። አገኛለሁ አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ረዳቱ ግቡ እንጂ እናቴ ብሎ እስኪያስገባቸው ድረስ፣ ምን እንደምበላ ሊያውቁ ፈልገው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።